የፈጣን ፎቶ ካሜራ ከመግዛት በፊት የፊልሙን ዕድሜ እንዴት እንመዝናለን?

በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ ጥርሱንና ሰኮናውን ከመመርመሩ በፊት ቤቱ ጭድ መኖሩን ያረጋግጣል። ፎቶ አንሥቶ ወዲያው አጥቦ የሚሰጥ ካሜራ ለመግዛት የተነሣ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ስለ ፊልሙ መጠየቅ የሚጀምረው ካሜራውን በመልኩና በዋጋው ከመረጠ በኋላ ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያገለገሉ ዕቃዎችን ከሚሸጥ ነጋዴ ጭረት እንኳ የሌለበት የፖላሮይድ ስፔክትራ ካሜራ ገዛሁ። ሻጩ ማንጠልጠያውንና የመመሪያ መጽሐፉን ሳይቀር አሳይቶኛል፤ ፊልሙ መመረት ማቆሙን ግን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ካሜራው ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል፤ አንድም ፎቶ አላነሣሁበትም።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ካሜራ ከመግዛት በፊት የፊልሙ ምርት የመቀጠል ዕድሉ እንዴት እንደሚመዘን፣ ካሜራው ራሱ እንዴት እንደሚመረመር፣ ፊልሙም በምን ሁኔታ መያዝ እንዳለበት ያስረዳል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙን ማን ይሠራዋል?

መጀመሪያ መለየት ያለበት በተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልምና በፈጣን ፊልም መካከል ያለው ልዩነት ነው። ኮዳክ በ1934 ያወጣው የ35 ሚሊ ሜትር ጥቅል ከዚያ ወዲህ ልኩ ስላልተለወጠ የማንኛውም አምራች ፊልም በማንኛውም የዚህ ዓይነት ካሜራ ውስጥ ይገባል። ኮዳክ በአሜሪካ ሮቸስተር፣ ሃርማን በእንግሊዝ ሞበርሊ፣ ፎማ በቼክ ሪፐብሊክ ህራዴትስ ክራሎቬ ከተማ ያመርታሉ፤ አንዱ ቢያቆም ሌላው አለ። በዚህ በኩል ያለው አዝማሚያም ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ይሻላል። ኮዳክ ኪሳራ ባወጀበት በ2012 ያቆመውን ኤክታክሮም የተባለ ፊልም በ2018 መልሶ አውጥቶታል፤ ሃርማን በ2023 መጨረሻ ፊኒክስ 200 የተባለ የቀለም ፊልም ለገበያ አቅርቧል፤ ሪኮ ኩባንያም በ2024 ፔንታክስ 17 የተባለ አዲስ የፊልም ካሜራ ይዞ ብቅ ብሏል። ስለዚህ የ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ የሚገዛ ሰው ዋና ጭንቀቱ የካሜራው ጤንነትና የሚጠግነው ባለሙያ መገኘት ነው እንጂ ፊልም አይደለም።

የፈጣን ፊልም ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እያንዳንዱ ዓይነት አንድ አምራች ብቻ ነው ያለው። ምክንያቱን ለመረዳት አንዱን ወረቀት ቀርቦ ማየት ይጠቅማል። ከላይ ግልጽ ፕላስቲክ አለ፤ ከሥሩ ምስሉ የሚያርፍበት ሽፋንና ቀለማቱን የሚይዙ ብርሃን ተቀባይ ሽፋኖች ተደራርበዋል፤ በታችኛው ሰፊ ነጭ ጠርዝ ውስጥ ደግሞ የማጠቢያው ኬሚካል በትንሽ ከረጢት ታሽጎ ተቀምጧል። ፎቶው ከካሜራው ሲወጣ በሁለት ሮለሮች መካከል ያልፋል፤ ሮለሮቹ ከረጢቱን አፍንድተው ኬሚካሉን በመላው ወረቀት ላይ እኩል ይቀቡታል። ፎቶ ቤት በጨለማ ክፍል ውስጥ በየተራ የሚያከናውነው ሥራ ሁሉ ከአንዲት መዳፍ በማትሰፋ ወረቀት ውስጥ ይፈጸማል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያመርቱ ማሽኖች ለሌላ ሥራ አይውሉም፤ የሚያንቀሳቅሷቸውን ሰዎች ዕውቀትም ከመጽሐፍ ብቻ ማግኘት አይቻልም።

የፖላሮይድ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ኤድዊን ላንድ ፈጠራውን በ1947 ኒው ዮርክ ውስጥ ለሳይንቲስቶች አሳይቶ የመጀመሪያውን ካሜራ በ1948 ቦስተን ላይ ለሽያጭ አቀረበ፤ ፎቶው በራሱ ከካሜራው ወጥቶ ዐይን እያየ የሚታጠብበት ኤስኤክስ-70 ደግሞ በ1972 መጣ። ኩባንያው በ2001 ከከሰረ በኋላ በ2008 የፊልም ምርቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። በዚያን ጊዜ በኔዘርላንድስ ኤንስኬዴ ከተማ የነበረውን የመጨረሻውን ፋብሪካ ማሽኖች ኢምፖሲብል ፕሮጀክት የተባለ ትንሽ ድርጅት ገዛ፤ የቀድሞ ሠራተኞችንም ይዞ ሥራ ጀመረ። ማሽኑ ነበር፣ ሠራተኛውም ነበር፤ ነገር ግን ለፊልሙ የሚያስፈልጉ ኬሚካሎችን ያቀርቡ የነበሩ ድርጅቶች ምርታቸውን ስላቆሙ ቅመማው እንደገና ከመጀመሪያው መፈልሰፍ ነበረበት። በ2010 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ጥቁርና ነጭ ሲሆን ከካሜራው እንደወጣ ብርሃን ከነካው ይበላሽ ነበር። ብርሃን ተቀባዩ ሽፋንም ቢሆን ኤንስኬዴ ላይ አልተሠራም፤ በጀርመን ሞንሃይም ከሚገኘው ኢኖቪስኮት ከተባለ ድርጅት ይመጣ ነበር። ኢምፖሲብል በ2017 ስሙን ወደ ፖላሮይድ ኦሪጅናልስ፣ በ2020 ደግሞ በቀጥታ ወደ ፖላሮይድ ለውጧል። ዛሬ በየሱቁ የምናየው የፖላሮይድ ፊልም የዚህ ድርጅት ምርት ነው።

እንግዲህ ካሜራ ሲታይ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ፊልሙን ዛሬ የሚያመርተው ማን ነው?» የሚል ይሆናል። ሁለተኛውና በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ደግሞ «አምራቹ ይህንኑ ፊልም የሚወስድ አዲስ ካሜራ ዛሬም ይሸጣል ወይ?» የሚለው ነው። ለስፔክትራ አዲስ ካሜራ አይመረትም ነበር፤ የቀሩት ካሜራዎች ከ1986 ጀምሮ ተሸጠው ያረጁ ብቻ ስለነበሩ፣ ፊልሙም በውስጣቸው እየተቀረቀረ ስላስቸገረ፣ ምርቱ በ2019 ቆመ። ፎቶው ከተነሣ በኋላ ተላጦ የሚለያየውን ኤፍፒ-100ሲ የተባለ ፊልም ፉጂፊልም በ2016 ሲያቆም ያንን ፊልም ይወስዱ የነበሩት የቆዩ የፖላሮይድ ላንድ ካሜራዎች እንዲሁ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በቪየና የሚገኝ አንድ አነስተኛ ድርጅት ተመሳሳይ ፊልም በእጅ እየገጣጠመ ለማቅረብ ሞክሯል፤ ይህ ግን ሰብሳቢን እንጂ የቤተሰቡን ፎቶ የሚያነሣ ሰው የሚያረካ አይደለም።

በዚህ መመዘኛ ዛሬ ገበያ ላይ ያለውን ብናይ ነገሩ ጥርት ይላል። የፖላሮይድ አይ-ታይፕ፣ 600 እና ኤስኤክስ-70 ፊልሞች የወረቀታቸው ልክ አንድ ነው፤ አይ-ታይፕን የሚወስዱ አዳዲስ ካሜራዎች ስለሚሸጡ የቆዩት የ600 እና የኤስኤክስ-70 ካሜራዎችም በዚያው ጥላ ሥር ይኖራሉ። ፖላሮይድ በ2021 ያወጣው ጎ የተባለ ትንሽ ካሜራ የራሱ የሆነ ትንሽ ፊልም አለው፤ ካሜራው ዛሬም ይሸጣል፣ ሆኖም አንድ የካሜራ ቤተሰብ ብቻ የሚጠቀምበት ፊልም ስለሆነ እኔ ገንዘቤን እዚያ ላይ ለማዋል እጠነቀቃለሁ። የፉጂፊልም ኢንስታክስ ደግሞ ሚኒ፣ ስኩዌርና ዋይድ የሚባሉ ሦስት ልኮች ሲኖሩት ለሦስቱም አዳዲስ ካሜራዎች ይሸጣሉ። በ1998 የተጀመረው ኢንስታክስ በ2002 በዓመት አንድ ሚሊዮን ያህል ካሜራ ከተሸጠለት በኋላ በ2004 ወደ አንድ መቶ ሺህ ወርዶ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ዛሬ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የተሸጡት ካሜራዎችና ማተሚያዎች ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል፤ ኩባንያውም በጃፓን ካናጋዋ በሚገኘው የአሺጋራ ፋብሪካው የፊልም ማምረቻውን ሲያሰፋ ቆይቷል። ለልደት፣ ለሠርግና ለምርቃት የሚሆን ካሜራ የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ ሳላመነታ ኢንስታክስ ሚኒ እለዋለሁ። የፎቶው ቀለም ለስላሳነትና የካሬው ስፋት ልቡን የሰረቀው ሰው ግን ወደ ፖላሮይድ መሄዱ አይቀርም፤ እርሱም ቢሆን አይ-ታይፕ ወይም 600 እንጂ ሌላ አይግዛ።

ዋጋን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የኢንስታክስ ካርትሪጅ አሥር፣ የፖላሮይድ ስምንት ፎቶ ስለሚይዝ ዋጋው በካርትሪጅ ሳይሆን በፎቶ ተካፍሎ መታየት አለበት። ሲካፈል አንድ የፖላሮይድ ፎቶ ከአንድ የኢንስታክስ ሚኒ ፎቶ ከእጥፍ በላይ የሚያወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ የሚከብደው ሰው በ2021 እንደወጣው ኢንስታክስ ሚኒ ኢቮ ያለውን፣ ፎቶውን መጀመሪያ በዲጂታል አንሥቶ የተመረጠውን ብቻ በፊልሙ ላይ የሚያትም ካሜራ ሊያስብበት ይችላል። እውነተኛ ፊልም ወዳዶች በዚህ አፍንጫቸውን ይነፋሉ፤ ፋብሪካው እንዲቀጥል ከሚያደርጉት ገዢዎች መካከል ግን የእነዚህ ካሜራዎችና የስልክ ማተሚያዎች ተጠቃሚዎች እንደሚገኙበት መዘንጋት የለበትም።

ያገለገለ ካሜራ ሲመረመር

የቆዩት የ600 እና የኤስኤክስ-70 ካሜራዎች የራሳቸው ድንጋይ የላቸውም፤ ኃይል የሚያገኙት በፊልሙ ካርትሪጅ ሥር ከተቀመጠ ጠፍጣፋ ባትሪ ነው። ስለዚህ ካርትሪጅ ያልገባበት ካሜራ ሞቶም ይሁን ደኅና ሆኖ በመልክ አይለይም። ሻጩ ፎቶዎቹ ያለቁበት የ600 ካርትሪጅ ካለው በዚያው መሞከር ይቻላል፤ ፎቶዎቹ ቢያልቁም ባትሪው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ኃይል ስለሚተርፈው ሞተሩን ያዞራል፣ ብልጭታውንም ይሞላል። ካርትሪጁ ሲገባ የሞተሩ ድምፅ ሳይቆራረጥ መሰማት አለበት። «ድሮ ይሠራ ነበር» የሚል ሻጭ ላይ ግን ዋጋውን እንደ ጌጥ ዕቃ ይቁጠሩት። የአይ-ታይፕ ፊልም ባትሪ የሌለው በመሆኑ በእነዚህ የቆዩ ካሜራዎች ውስጥ እንደማይሠራም ያስታውሱ፤ የ600 ፊልም ግን በቆየውም ሆነ በአዲሱ የአይ-ታይፕ ካሜራ ይሠራል። የኤስኤክስ-70 ፊልም አይኤስኦው (ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ) 160 ገደማ፣ የ600 ደግሞ 640 ገደማ ስለሆነ የ600ን ፊልም ያለ ማጣሪያ በኤስኤክስ-70 ውስጥ መክተት ፎቶውን ከመጠን በላይ ያነጣዋል።

ቀጥሎ የፊልሙን በር ይክፈቱና ሁለቱን ሮለሮች በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ጫፍ እያሽከረከሩ ዙሪያቸውን ይመልከቱ። ከቀድሞ ፎቶዎች የፈሰሰ ኬሚካል ቡሃቃ ጠርዝ ላይ እንደ ደረቀ ሊጥ ቅርፊት ሆኖ ተጣብቆ ይገኛል። በጥፍር ወይም በቢላዋ መፋቅ ሮለሩን ይጭረዋል፤ ጨርቁን በውሃ አርሶ ቅርፊቱ ላይ ትንሽ ማቆየትና ሲለሰልስ መጥረግ ይበቃል። ይህን ያልተደረገለት ካሜራ ፎቶው ላይ በእኩል ርቀት እየተደጋገመ የሚታይ ነጥብ ይተዋል፤ ሮለሩ በዞረ ቁጥር ያችው ፍርፋሪ ወረቀቱን ስለምትጫነው ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ፊልሙ ተበላሽቷል ብሎ ይጥላል። እኔ ካሜራውን ባጸዳሁ ቁጥር የማደርገው ሮለሮቹን አንድ ሙሉ ዙር አዙሬ ጨርቁ ላይ ቡናማ እድፍ መቅረቱን ማየት ነው፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አልዘጋውም።

ኤስኤክስ-70 የሚታጠፍ ስለሆነ በጎኑ ያለው የአኮርዲዮን ዓይነት ጎማ መመርመር አለበት። ጨለማ ክፍል ውስጥ በፊልሙ በር በኩል የእጅ ባትሪ አብርቶ ከውጭ መመልከት ቀላሉ መንገድ ነው፤ የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን እንኳ ከታየች ካሜራው ጥገና ሳያገኝ ፊልም አይገባበትም። አዲስ ካሜራ የሚገዛ ሰው ደግሞ የኃይል ምንጩን ይጠይቅ። እንደ ኢንስታክስ ሚኒ 12 ያሉት በየሱቁ የሚሸጡ ሁለት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋዮች ይወስዳሉ፤ አዳዲሶቹ የፖላሮይድ ካሜራዎች ግን ውስጣቸው የተቀበረ በቻርጀር የሚሞላ ባትሪ አላቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ ያ ባትሪ ሲደክም የሚለውጠው ሰው ማግኘት ሊቸግር ስለሚችል በዚህ ረገድ የባትሪ ድንጋዩን አስበልጣለሁ።

ፊልሙን መግዛት፣ ማጓጓዝና ማስቀመጥ

የፖላሮይድ ፊልም ሣጥን ላይ የተመረተበት ወርና ዓመት ይታተማል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መጠቀም ይመከራል። የኢንስታክስ ሣጥን ላይ የሚጻፈው ደግሞ የሚያበቃበት ቀን ነው። ሁለቱን ማምታታት በገንዘብ ያስከፍላል፤ የተመረተበትን ቀን የሚያበቃበት መስሏቸው ገና ሦስት ወር ያልሞላውን ፊልም የመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ዋጋው ዝቅ ብሎ ሲሸጥ ያገኙት ፊልም ካለ መጀመሪያ ይህን ቀን ይመልከቱ። ፊልም ይጠፋል ብሎ በብዛት ማከማቸትም ትርፍ የለውም፤ ኬሚካሉ በከረጢቱ ውስጥ እያለ ያረጃል፣ የኋላ ኋላም ምስሉ ይገረጣል። ለስድስት ወር የሚበቃ ያህል መያዝ ይበቃል።

ሣጥኑ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ምንም ሳይጫነው፣ ከ4 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቦታ ይቀመጥ፤ የማቀዝቀዣው ተራ ክፍል ለዚህ ይመቻል፣ በረዶ የሚሠራው ክፍል ግን ከረጢቶቹን ያበላሻል። ፎቶ ከማንሣትዎ አንድ ሰዓት ያህል አስቀድመው ያውጡት፤ ቀዝቃዛ ፊልም በደንብ አይታጠብም።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ፊልም የሚጠቀም ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው፤ ስለዚህ ለሚያመጣው ሰው ሁለት ነገር አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ፊልሙ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ በሚገባው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ይሁን፤ በፍተሻውም ላይ በእጅ እንዲታይ በትሕትና ይጠየቅ፤ ለትልልቁ ሻንጣ የሚውለው መመርመሪያም ሆነ በአንዳንድ አየር ማረፊያዎች አዲስ የተተከሉት የእጅ ሻንጣ መመርመሪያዎች ፊልሙን ሊያበላሹት ይችላሉ። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ከዱባይ ወይም ከሪያድ ሲመጣ በበጋ መኪና ውስጥ ለአንድ ከሰዓት የተረሳ ሣጥን ተቀቀለ ማለት ነው።

ፎቶው ሲወጣ

የፖላሮይድ ፊልም በደንብ የሚታጠበው ከ13 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። የአዲስ አበባ ቀን ለዚህ የተመቸ ሲሆን የክረምት ጧት ግን ከዚያ በታች ይወርዳል፤ በዚህ ጊዜ ፎቶው ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ይገረጣልም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እንደወጣ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ የኮት የውስጥ ኪስ ውስጥ መክተት። በሰመራ ወይም በመተማ ሙቀት ደግሞ ወደ ቢጫና ቀይ ስለሚያደላ በጥላ ቦታ፣ ከተቻለም ከቀዝቃዛ ዕቃ አጠገብ ይታጠብ። ኢንስታክስ በዚህ በኩል ታጋሽ ነው፤ ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ይሠራል፣ ሲወጣም ከብርሃን መደበቅ አያስፈልገውም።

የፖላሮይዱ ፎቶ ከካሜራው አፍ ሲወጣ ለመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ብርሃን እንዳያየው መከለል አለበት፤ አዳዲሶቹ ካሜራዎች ለዚህ የሚሆን እንደ ምላስ የሚዘረጋ መከለያ አላቸው። ከዚያ በኋላ ለቀለም ፎቶ እስከ ሩብ ሰዓት፣ ለጥቁርና ነጭ እስከ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው። እያራገቡ ማድረቅ የሚባለው ልማድ ቀርቶ ወረቀቱ ሳይታጠፍ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ማራገብ ሽፋኖቹን ያለያያል እንጂ ማጠቡን አያፋጥነውም። ካርትሪጁ ሳያልቅም በሩን አይክፈቱ፤ ከላይ ያለው ወረቀት ብርሃን ይመታዋል፣ ቆጣሪውም እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የታጠበውን ፖላሮይድ ወዲያው በፕላስቲክ አልበም ማሸግ አይገባም፤ ለአንድ ወር ያህል በደረቅ ቦታ አየር እያገኘ ቢቆይ በውስጡ የቀረው እርጥበት ይወጣል። ከሁሉም በፊት ግን በስልክም ቢሆን ቅጂ ይውሰዱለት፤ ይህ ፎቶ ኔጌቲቭ የለውም፣ ከጠፋ ዳግመኛ የሚታተም ነገር አይኖርም። በተለይ ሠርግ ላይ ያነሡትን ቅጂ ሳይወስዱ ለእንግዳ አይስጡ፤ «አይቼ እመልሳለሁ» ብሎ የወሰደው አጎቴ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ፎቶውም ሳሎኑ ውስጥ በክፈፍ ተሰቅሏል።